ካሜራ ስሜት የሚሠራው እንዴት ነው? በአንድ የቡና ትዕይንት ላይ የተሠራ ዝርዝር መመሪያ

ተዋናዮቹ ጎበዞች ናቸው፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው፤ ትዕይንቱ ግን ተመልካቹን አይነካውም። እንዲህ ዓይነት ቀረጻ ሲመረመር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጥፋት አንድ ነው፦ ካሜራው ያለውን አቅም ሁሉ ገና ከመጀመሪያው አውጥቶ ጨርሷል። ሰላምታው ላይ ክሎዝ አፕ (ፊትን አቅርቦ የሚያሳይ ቀረጻ) ተወስዷል፤ ጀርባው ከመነሻው ደብዝዟል፤ ጊምባሉ (ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው መያዣ) ያለ ምክንያት ይዞራል። ከባዱ ቃል ሲመጣ ካሜራው የሚጨምረው ነገር የለውም።

ተመልካች የሚሰማው ለውጥን ነው። ሙሉ ትዕይንቱን በቅርብ የታየ ፊት፣ ቅርብ መሆኑ ይረሳል። ሁለት ደቂቃ ከሩቅ ቆይቶ ድንገት የቀረበ ፊት ግን ያስደነግጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች አንድ ትዕይንት ይዘን፣ እያንዳንዱን የካሜራ ዘዴ መቼ ማውጣት፣ መቼ ደግሞ ይዞ መቆየት እንደሚገባ በቁጥር እናያለን።

ትዕይንቱ ይህ ነው። ቦታው አራት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል የሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን። እናት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ታፈላለች፤ ልጇ ሶፋው ላይ ነው። የመጣው የቤቱን ካርታ አስይዞ መበደሩን ሊነግራት ነው። አቦሉ ሲቀዳ ወሬው ስለ ጎረቤት ሠርግ ነው። ቶናው ላይ ልጁ ዝም ይላል። እናት «ጠጣ እንጂ፣ ቀዘቀዘብህ» ትለዋለች። እሱ «እማዬ፣ ካርታው ቤት የለም፤ ባንክ ነው ያለው» ይላል። በረካው ይቀዳል፤ የሚጠጣው ግን የለም። በመጨረሻ እናት ተነስታ ትወጣለች። በጠቅላላው አራት ደቂቃ ገደማ ነው።

የምንጠቀምበት ዕቃ፦ አንድ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ፣ የ28፣ የ50 እና የ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ (ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ፣ ሲጨምር ረጅም ሌንስ ይባላል)፣ ትራይፖድ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ስላይደር (ካሜራው የሚንሸራተትበት ሐዲድ)፣ በባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ መብራት፣ ሁለት ነጭ ጨርቅና አንድ ጥቁር ጨርቅ። ካሜራችሁ ኤፒኤስሲ (ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ያነሰ) ከሆነ የሌንሶቹን ቁጥር ለ1.5 አካፍሉ፤ 18፣ 35 እና 56 ሚሊ ሜትር ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣሉ። በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ የስልኩ ዋና ሌንስ ከ24 እስከ 26 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆኑን አስታውሱ፤ ይህ ለፊት ቅርብ ቀረጻ የሚያመጣውን ጣጣ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

አንደኛ፦ ትዕይንቱ የሚታጠፍበትን መስመር አግኙ

ስክሪፕቱን ይዛችሁ አንዲት መስመር ብቻ አስምሩ፤ ከእሷ በኋላ ነገሩ እንደ በፊቱ የማይሆንባትን። እዚህ «ካርታው ቤት የለም» የሚለው ነው። ሁለት ሦስት መስመር ማስመር ካማራችሁ ትዕይንቱን ገና አልወሰናችሁትም ማለት ነው፤ ወደ ካሜራ ከመሄዳችሁ በፊት ከአዘጋጁ ጋር ተነጋግራችሁ ጨርሱት።

ቀጥሎ ትዕይንቱ የማን እንደሆነ ወስኑ። ብዙ ሰው «የሚናገረው ልጁ ስለሆነ የልጁ ነው» ይላል። ዱብ ዕዳው የሚወርደው ግን እናትየው ላይ ነው። ስለዚህ ያቺ መስመር ስትነገር ስክሪኑ ላይ የሚታየው የእናት ፊት ይሆናል፤ የልጁ ድምፅ ከፍሬሙ ውጭ ይሰማል። የሚናገረውን ሰው ብቻ እየተከተሉ መቁረጥ ንግግሩን ያስተላልፋል፣ ጉዳቱን ግን አያሳይም።

ከዚያ በአንድ ወረቀት ላይ ከታጠፊያው በፊት የማትጠቀሙባቸውን ነገሮች ጻፉ። ለዚህ ትዕይንት ሦስት ናቸው፦ የእናት ክሎዝ አፕ የለም፤ የደበዘዘ ጀርባ የለም፤ ከዓይን ደረጃ በታች የወረደ ካሜራ የለም። ይህች ወረቀት ትራይፖዱ ላይ ትለጠፍ። በቀረጻ ቀን «ለማንኛውም አንድ ክሎዝ አፕ እንውሰድ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የተወሰደ ክሎዝ አፕ ደግሞ ኤዲተሩ እጅ ከደረሰ ትዕይንቱ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

ሁለተኛ፦ የካሜራውን ጉዞ ለሦስት ክፈሉ

በአንድ ክፍል ውስጥ ስሜትን ለማጥበቅ የተሠራ ግልጽ እቅድ ማየት የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውን የሲድኒ ሉሜትን «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» በዚህ ዓይን ይመልከት። ሉሜትና የካሜራ ባለሙያው ቦሪስ ካውፍማን የፊልሙን የመጀመሪያ ሦስተኛ ክፍል ከዓይን ደረጃ በላይ፣ ሁለተኛውን በዓይን ደረጃ፣ የመጨረሻውን ከዓይን ደረጃ በታች ሆነው ቀረጹት። ፊልሙ በገፋ ቁጥርም ሌንሶቹ እየረዘሙ ሄዱ። ክፍሉ አልተነካም፤ ግን ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የቀረበ፣ ጣራው ዝቅ ያለ መሰለ። ሰዎቹ ወጥተው ሲሄዱ የሚታየው የመጨረሻው ሾት ደግሞ በፊልሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ በሰፊው ሌንስ፣ ከሁሉም ከፍ ካለ ቦታ ተወሰደ፤ ታፍኖ የቆየው ተመልካች የሚተነፍሰው እዚያ ነው።

የእኛ ትዕይንት ሦስቱን ክፍሎች ቡናው ራሱ ሰጥቶናል። አቦል ላይ ሰፊ ሌንስ፣ ከፍ ያለና የማይንቀሳቀስ ካሜራ። ቶና ላይ መካከለኛ ሌንስ፣ የዓይን ደረጃ፣ የማይታወቅ ዝግ ያለ መቅረብ። በረካ ላይ ረጅም ሌንስ፣ ዝቅ ያለ፣ ፍጹም የቆመ ካሜራ። መጨረሻ ላይ ወደ ሰፊው እንመለሳለን። የተቀረው ሥራ ይህንን ወደ ሳንቲ ሜትር መቀየር ነው።

ሦስተኛ፦ መጀመሪያ ርቀት፣ ከዚያ ሌንስ

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ከሌላው ሁሉ በላይ ስሜትን የሚወስነው ይህ ነውና። የፊት ቅርጽና የክፍሉ ጥልቀት የሚለወጡት ካሜራው ከሰውየው ባለው ርቀት ነው። ሌንሱ የሚወስነው ከዚያ ቦታ ምን ያህሉ ፍሬም ውስጥ እንደሚገባ ብቻ ነው።

ቀረጻው ሳይጀመር ይህን ሞክሩ። ሰው ከግድግዳ ሁለት ሜትር ርቆ ይቀመጥ። በ85 ሌንስ ከሁለት ሜትር፣ በ50 ከአንድ ሜትር ከ20፣ በ24 ወይም በስልክ ከ55 ሳንቲ ሜትር ገደማ አንሱት። በሦስቱም ፊቱ ፍሬሙ ውስጥ እኩል መጠን ይኖረዋል። ጀርባውን ግን ተመልከቱ፦ በ85ቱ የሚታየው ግድግዳ ስፋት አንድ ሜትር ከ70 ገደማ ነው፤ በ24ቱ አራት ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ያው ሰው፣ ያው ፊት፤ በአንደኛው ግድግዳው ከጀርባው ተጠግቶታል፣ በሌላኛው ብቻውን ሰፊ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ከ55 ሳንቲ ሜትር የተነሳው አፍንጫው ጎልቶ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ሸሽተዋል። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ሰው ፊት ላይ የተደቀነ ያህል ይጨንቀዋል። ለጭንቀት፣ ለስካር ወይም ለቅዠት ይህ ይጠቅማል፤ የምታከብሯትን እናት ለማሳየት ግን አይሆንም። የስልክ ቀረጻ ጣጣም ይኸው ነው። ስልክ ሁለተኛ የቴሌ (ረጅም) ሌንስ ካለው ወደ ኋላ ሸሽታችሁ በእሱ ተጠቀሙ።

በእኛ ሳሎን ርቀቶቹ እንዲህ ይሆናሉ፦

ለአቦል፣ የ28 ሌንስ ከክፍሉ ጥግ፣ ከተዋናዮቹ ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ። ፍሬሙ አራት ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ይይዛል፤ ሶፋው፣ ረከቦቱ፣ መስኮቱ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የቤተሰብ ፎቶ ሁሉም ይታያል። ሊጠፋ የተቃረበው ይህ ቤት ስለሆነ ተመልካቹ በደንብ ሊያየው ይገባል። ጥግ ላይ ቦታ ጠቦ 20 ወይም 18 ሌንስ ብትጠቀሙ ከፍሬሙ ዳር ያለው ሰው ይለጠጣል፣ ትንሿ ሳሎንም አዳራሽ ትመስላለች።

ለቶና፣ የ50 ሌንስ ከአንድ ሜትር ከ90። ከወገብ በላይ ገደማ ይታያል፤ ሲኒ የያዘው እጅ ፍሬም ውስጥ ይቀራል። እጁን አትቁረጡት፤ ልጁ ከመናገሩ በፊት የሚናገረው እጁ ነው።

ለበረካ፣ የ85 ሌንስ ከሁለት ሜትር። ፍሬሙ 48 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይይዛል፤ ፊትና የትከሻ ጫፍ ነው። ይህ የትዕይንቱ የመጀመሪያ ክሎዝ አፕ ነው፣ የእናትም ነው።

ከርቀት ጋር የሚሄድ አንድ ጉዳይ አለ፦ የዓይን አቅጣጫ። ከፍሬሙ ውጭ ያለው ተዋናይ ከሌንሱ ምን ያህል ርቆ ይቀመጣል? አቦል ላይ የተዋናዮቹ እይታ ከካሜራው ራቅ ያለ ይሁን፤ እኛ ከዳር የምናይ እንግዶች ነን። በረካ ላይ ልጁን የሚጫወተው ተዋናይ ጭንቅላቱን ከሌንሱ ጋር ሊያነካካ እስኪደርስ ይጠጋ። እናት እሱን ስታይ ለጥቂት እኛን ታያለች። ተዋናዩ ደክሞት ሄዶ ረዳቱ በቦታው ጣቱን ቢያቆም የእናትየዋ እይታ ወዲያው ባዶ ይሆናል፤ ይህንን በኤዲቲንግ ማዳን አይቻልም።

አራተኛ፦ ከፍታ

«ካሜራ ከላይ ሲሆን ሰው ያንሳል፣ ከታች ሲሆን ይገዝፋል» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ወለሉ ራሱ የሚያደርገው ነገር ነው። በርጩማ ላይ የተቀመጠች እናት ዓይኗ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ላይ ይውላል፤ ሶፋ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ አንድ ሜትር ከ15። ካሜራውን በልጁ ዓይን ከፍታ ተክላችሁ ሁለቱንም ብትቀርጹ እናትን ሳታውቁት እያሳነሳችኋት ነው። ለእያንዳንዱ ተዋናይ ከወለል እስከ ዓይን በሜትር ለኩና ጻፉት።

አቦል ላይ ካሜራው አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ይሁን። ከሦስት ሜትር ተኩል ርቀት ይህ ስምንት ዲግሪ ያህል ቁልቁል ነው፤ ሁለቱም ትንንሾች፣ ምንም ያልተፈጠረባቸው ይመስላሉ። ቶና ላይ ለእናት አንድ ሜትር፣ ለልጁ አንድ ሜትር ከ15። በረካ ላይ የእናት ካሜራ ወደ 65 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ከሁለት ሜትር ርቀት ይህ አሥር ዲግሪ ያህል ሽቅብ ነው። ሃያ ሳንቲ ሜትር ብቻ ብታወርዱት ስድስት ዲግሪ እንኳ አይሞላም፣ ለውጡም አይሰማም። በሰፊ ሌንስ ከ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ግን ያው ሃያ ሳንቲ ሜትር 18 ዲግሪ ይሆናል፤ አገጩ ፊቱን ይሸፍናል፣ የአፍንጫ ቀዳዳ ይታያል። ካሜራን «ትንሽ ዝቅ አድርገው» ማለት ርቀቱ ሳይነገር ትርጉም የለውም።

እናት ዜናውን ሰምታ ባትጮህም በዚህ ሾት ከልጇ በላይ ትሆናለች። ልጁን በተቃራኒው ከአንድ ሜትር ከ40 ቁልቁል ቅረጹት። ሁለቱ ሾቶች ሲቀያየሩ ከበርጩማና ከሶፋ የመጣው የቦታ ብልጫ ይገለበጣል።

ካሜራን በጎን ማጋደልስ? በዚህ ትዕይንት አያስፈልግም። የበርና የመስኮት ቀጥ ያሉ መስመሮች በሞሉበት ቤት ውስጥ አምስት ዲግሪ እንኳ ይታወቃል፤ ተመልካቹ ስለ ካርታው ማሰቡን ትቶ ስለ ካሜራው ያስባል።

አምስተኛ፦ ፎከስና አፐርቸር

አቦል ላይ አፐርቸሩ (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ኤፍ 5.6 ወይም 8 ይሁን፤ ከጀበናው እስከ ግድግዳው ፎቶ ሁሉም ጥርት ይበል። ቶና ላይ ኤፍ 4። በረካ ላይ ኤፍ 2.8። በ85 ሌንስ ከሁለት ሜትር በኤፍ 2.8 ጥርት የሚለው ጥልቀት 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቤቱ ከእናት ጀርባ ይጠፋል፤ ታሪኩም ይህንኑ ነው የሚለው።

«ሌንሱ ኤፍ 1.4 ስላለው ለምን አንጠቀምበትም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ያኔ ጥልቀቱ አምስት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። እናት ሲኒውን ለማስቀመጥ ጎንበስ ስትል ከፎከስ ትወጣለች፤ አውቶ ፎከሱ ሲፈልጋት የሚፈጠረው መወዛወዝ ያቺን ዝምታ ይገድላታል። ለዚህ ሾት አውቶ ፎከሱን አጥፉና ሌንሱ ላይ በወረቀት ፕላስተር ሁለት ምልክት አድርጉ፦ ቀጥ ስትል አንድ፣ ጎንበስ ስትል አንድ።

ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ፎከስ አንድ ጊዜ ብቻ ይኑር፦ ቶና ላይ፣ ካልተነካው ሲኒ ወደ ልጁ ፊት። ፎከሱ የሚነሳው «ቀዘቀዘብህ» የሚለው ቃል ሲያልቅ ነው፤ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፍጅ። ቃሉ ሳያልቅ ከተነሳ ካሜራው ወሬውን ቀድሞ ያወቀ ይመስላል።

ስድስተኛ፦ እንቅስቃሴ

ዝግ ብሎ የሚቀርብ ካሜራ የሚሠራው ተመልካቹ ሳያውቀው ሲሆን ነው። ስላይደሩን ወደ ልጁ አቅጣጫ አስቀምጡና በ40 ሰከንድ 60 ሳንቲ ሜትር ይሂድ፤ በሰከንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ከአንድ ሜትር ከ90 ተነስቶ አንድ ሜትር ከ30 ላይ ይቆማል። ያው 60 ሳንቲ ሜትር በሦስት ሰከንድ ቢሄድ «አሁን ደንግጡ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል፤ የቴሌቪዥን ድራማዎች ሙዚቃ እየጨመሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ ስለለመድነውም አይነካንም።

በእጅ በዚህ ፍጥነት ስላይደር መግፋት ከባድ ነው፤ መጋጠሚያው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሞተር ከሌለ ጋሪው ላይ የላስቲክ ማሰሪያ እሰሩና ላስቲኩን ሳቡ፤ ላስቲኩ የእጅን መንቀጥቀጥ ይውጠዋል። ስላይደሩን በአንድ ትራይፖድ ብቻ መሃሉ ላይ ካሰራችሁት ካሜራው ጫፍ ሲደርስ ያዘነብላል፤ ሁለቱንም ጫፍ ደግፉ። እንቅስቃሴው የሚጀምረው ወሬው ከመክበዱ በፊት፣ የሚቆመውም «እማዬ» ሲል ነው። ካርታ የሚለው ቃል ከመነገሩ በፊት ካሜራው መቆም አለበት።

ለምን ስላይደር? ለምን ዙም አይሆንም? ዙም ርቀቱን ስለማይለውጥ ፊቱና ጀርባው አብረው ያድጋሉ፤ ምስል እንደ ማጉላት ይሰማል። ካሜራው ራሱ ሲሄድ ግን የሲኒው፣ የልጁና የግድግዳው አቀማመጥ እርስ በርሱ ይለወጣል፤ ሰው ራሱ ተነስቶ የቀረበ ይመስላል።

ካሜራን በእጅ ይዞ መቅረጽ የተፈለገ እንደሆነ ቀላል ካሜራ ጠላት ነው። አምስት መቶ ግራም የሚመዝን ካሜራ የሚያመጣው ቶሎ ቶሎ የሚል ጥቃቅን መንቀጥቀጥ ስሜት አይሰጥም፣ ራስ ምታት እንጂ። ክብደት ጨምሩበት፣ ማንጠልጠያውን አንገታችሁ ላይ ወጥራችሁ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፤ ያኔ የሚቀረው የትንፋሽ ያህል መወዛወዝ ነው። በ85 ሌንስ ግን አይሞከር።

ሰባተኛ፦ ብርሃን

ከባህር ማዶ የመጡ መመሪያዎች «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም፣ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ነው» ይላሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ስለሆነች ይህ እዚህ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ሎኬሽን ስትመርጡ የቀረጻውን ወር አስቡ። የፀሐይ ጨረር ወለሉ ላይ ካረፈ በሁለት ሾቶች መካከል ቦታውን ይቀይራል፣ ተቆርጦ ሲገጣጠም ያስታውቃል። ማለስለስ ካስፈለገ መስኮቱ ላይ ነጠላ ወጥሩ።

ካሜራውን ከመስኮቱ ተቃራኒ ጎን፣ ከፊቱ የጥላ ወገን አስቀምጡ። ብርሃኑ በተዋናዩ በኩል አልፎ ወደ እኛ ሲመጣ ፊቱ ቅርጽ ያወጣል። ከዚያ የጥላውን ድምቀት በሦስቱ ሲኒዎች እንለውጠዋለን። አቦል ላይ በጥላው ወገን ከፊቱ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ነጭ ጨርቅ ወይም ጋቢ ይዘርጋ፤ ብሩሁ ጎን ከጨለማው በአንድ ስቶፕ፣ ማለትም ሁለት እጥፍ ይበልጥ። ቶና ላይ ጨርቁ ይነሳና ልዩነቱ ወደ ሁለት ስቶፕ ይጠጋል። በረካ ላይ በቦታው ጥቁር ጨርቅ ይቁም፤ ሦስት ስቶፕ፣ ስምንት እጥፍ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳሎን እንዲህ አይጨልምም፤ ነገር ግን ለውጡ ከሾት ወደ ሾት ስለሆነ አንድም ሰው ስህተት ነው አይልም።

ኤክስፖዠር (የምስሉ ድምቀት) ላይ ተጠንቀቁ። እናት ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ ካሜራው አውቶማቲክ ላይ ከሆነ ነጠላውን አይቶ ሁሉንም ያጨልማል፣ የጠይም ፊት ዝርዝር ይጠፋል። ለነጣ ቆዳ የተጻፈውን 70 በመቶ ዜብራም (ድምቀቱ እዚያ መጠን ሲደርስ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የሰረዝ ምልክት) አትከተሉ። በተለመደው የምስል ፕሮፋይል ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ብሩሁ ጎን ከ45 እስከ 60 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው፤ በረካ ላይ ወደ ታችኛው ቁጥር ውረዱ። ጠቆር ያለ ቆዳ ቅርጹን የሚያወጣው በላዩ በሚያርፈው ወዝ ነው፤ ትልቅና ለስላሳ የብርሃን ምንጭ ጉንጭና ግንባር ላይ ሰፊ ወዝ ይጥላል፤ ትንሽዬ ኤልኢዲ ግን ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ይተዋል። ነጠላው አሁንም ከነደደ ቀጠን ባለ ሻይ ነክራችሁ አድርቁት፤ በካሜራ ነጭነቱ ይቀራል፣ ድምቀቱ ግን ይበርዳል።

ስለ ዕጣን ጭስ። ጭስ ከፊት በመጣ ብርሃን አይታይም፤ ከኋላው ብርሃን፣ ከዚያም በስተጀርባ ጨለማ ነገር ያስፈልገዋል። ማጨሻውን በካሜራውና በመጋረጃው ጥቁር እጥፋት መካከል፣ የመስኮቱ ብርሃን ከኋላ ሰያፍ በሚመታው ቦታ አኑሩት። ችግሩ ጭሱ አለመጠበቁ ነው፤ አንዱ ቴክ (ያው ሾት በተደገመ ቁጥር የሚወሰድ ቀረጻ) ላይ ሞልቶ ሌላው ላይ የለም። መስኮት ዝጉ፣ ክፍሉን በእኩል ጭጋግ እስኪሞላ ጠብቁ፣ ከዚያ በየቴኩ መካከል ትንሽ ትንሽ ጨምሩ።

ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ሚዛን) በእጅ 5600 ኬልቪን ላይ አስሩ። ጣራው ላይ ያለውን ነጭ መብራት አጥፉት፤ ርካሽ ኤልኢዲዎች አረንጓዴ ይጥላሉ፣ በጠይም ፊት ላይ ደግሞ በሽተኛ ያስመስላል።

ስለ ፍሬም ቁጥርና ሹተር ባጭሩ

አገራችን የኤሌክትሪክ መስመሩ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከ1/50 ሰከንድ ሹተር ጋር ተጠቀሙ። ስልክ 30 ፍሬም ብቻ ካለው ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 አድርጉት፤ በ1/60 መብራቱ ይርገበገባል። ሹተሩን ወደ 1/200 ማፍጠን እንቅስቃሴን ቁርጥርጥ፣ ሰውነትን የሚያሳክክ ያደርገዋል፤ ለግርግርና ለፍርሃት ይሆናል። ያንን ግን በመስኮት ብርሃን ወይም በማይርገበገብ የባትሪ መብራት ብቻ አድርጉት፤ የመስመር መብራት ከገባ ይርገበገባል። የቡናችን ትዕይንት በ1/50 ይቆያል። ስሎው ሞሽንም አያስፈልገውም።

በቀረጻው ቀን

ሰፊውን ሾት ሙሉ ትዕይንቱን ሳታቋርጡ ቅረጹ፤ ሁለት ቴክ ይበቃል። ከዚያ በቀጥታ ወደ በረካው የእናት ክሎዝ አፕ ሂዱ። ብዙ ቡድን ይህን ለመጨረሻ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ተዋናይቷ ደክማለች፣ እንባዋንም ለሰፊ ሾት ጨርሳዋለች፣ የመስኮቱም ብርሃን ሄዷል። ቀጥሎ የልጁ ስላይደር፣ በመቀጠል የልጁ ቁልቁል ሾት፣ በመጨረሻ ሲኒው፣ ጀበናውና እጆቹ።

ከእናት ወደ ልጅ የሚሄደውን የእይታ መስመር ወለሉ ላይ በፕላስተር አስምሩና ካሜራው ከመስመሩ አንድ ወገን ብቻ ይቁም። ከተሻገረ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ፣ ንግግሩም ይላላል። እናት ተነስታ ስትወጣ ግን መስመሩ ይፈርሳል፤ ያኔ ካሜራው ወደ ሌላው ጥግ መሄድ ይችላል። የ28 ሌንሱን መልሳችሁ ክፍሉ በሚፈቅደው ርቀት፣ አንድ ሜትር ከ90 ከፍታ ላይ ስቀሉት። ልጁ፣ ረከቦቱና ባዶው በርጩማ ይታዩ። እናት ከፍሬም ከወጣች በኋላ ካሜራው ቢያንስ አሥር ሰከንድ ይቅረጽ።

ኤዲቲንግ ላይ ድምፁን አጥፍታችሁ አራቱንም ደቂቃ እዩ። ነገሩ የተለወጠበትን ቅጽበት ስክሪፕቱን ያላነበበ ሰው ጣቱን አንስቶ ማሳየት ከቻለ እቅዱ ሠርቷል። ካልቻለ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ የእናት ክሎዝ አፕ ከመስመሩ ቀደም ብሎ ገብቷል፣ ወይ ደግሞ ቶሎ ተቆርጧል። የመጀመሪያው ከሆነ በሰፊው ሾት ወይም በሲኒው ተኩት። ሁለተኛው ከሆነ ወደ ልጁ ሳትመለሱ የእናትን ፊት ስምንት ሰከንድ ያህል ያዙት፤ ረዘመ ብላችሁ ከማሳጠራችሁ በፊት በማግስቱ ድጋሚ እዩት።